«ቦታው ላይ ያለ ሰው ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ተላከልኝ። ርዕሱ «ቦታው ላይ ያለ ሰው ይበቃል» ይላል። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ ወይም አውሎ ነፋስ ሲደርስ ትክክለኛ መረጃ ከየት እንደሚገኝ ለማስረዳት የተጻፈ ነው። ላላነበባችሁት ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ተቋማት ይዘገያሉ፣ ይደብቃሉም፤ ስለዚህ ቦታው ላይ ስልክ የያዘ ሰው ከሁሉም ይበልጣል። የሟቾች ቁጥር ከተቀያየረ የሚዋሽ አለ። ፎቶና ቪዲዮ አይዋሽም። ሳይንቲስቶች መንቀጥቀጡን ቀድመው ያውቁታል፣ ግን አይናገሩም። የሰማችሁትን ቶሎ ሼር አድርጉ፤ ውሸት ሆኖ ቢገኝም የሚጎዳው የለም። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ደግሞ አዲስ ነገር አይገኝም።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። የተናደዱ ሰው ናቸው፣ የሚያናድድ ነገርም አይተዋል። ግን ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ነገ ዘመዱ ያለበት ከተማ ሲናወጥ እንደተመከረው ያደርጋል። ያኔ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመታቱንና ወራቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ስልክ የያዘ ሰው ከማንም ተቋም ይበልጣል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሹን እውነት ይዘዋል። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 ቱርክና ሶሪያ በ7.8 መጠን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመቱ፣ ከፍርስራሽ ስር ሆነው ያሉበትን ሕንፃ በስልካቸው የጠቆሙ ሰዎች ነበሩ። በዚያ መልእክት ሰው ደርሶላቸው የወጡ አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ቱርክ ውስጥ ትዊተር ላይ ገደብ ተጣለ። ሰው ገና ከድንጋይ ስር እየተጣራ ነበር። ያን ውሳኔ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ሌላም ልጨምርላቸው። በ2004ቱ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ 14 አገሮች ውስጥ ከ220 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። በዚያን ጊዜ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልነበረም። ለመንቀጥቀጡ መነሻ በጣም ቅርብ የሆነችው የኢንዶኔዥያ ደሴት ሲሜሉዌ ትባላለች። ወደ 78 ሺህ ሰው ይኖርባት ነበር። በሱናሚው የሞቱት 7 ሰዎች ብቻ ናቸው። ምክንያቱም እዚያ ሰው ሁሉ «ስሞንግ» የሚል ቃል ያውቃል። በ1907 ባሕር ወጥቶ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ አያቶች ለልጅ ልጆች ሲነግሩት የኖረ ነው። መሬት አጥብቃ ከተንቀጠቀጠችና ባሕሩ ወደ ኋላ ከሸሸ ወደ ተራራ ሩጥ ማለት ነው። ማንንም ሳይጠብቁ ሮጡ፣ ተረፉ። ባሕር ዳር ቆመህ መሬት ለረጅም ጊዜ ከተንቀጠቀጠች ስልክ አትክፈት። መረጃው እግርህ ስር ነው።

እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የምንለያየው «ይበቃል» በሚለው ቃል ላይ ነው።

አንደኛ፣ በጣም የተጎዳው ሰው ብዙ ጊዜ ስልክ የለውም። ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 ቶንጋ አጠገብ ከባሕር ስር የነበረው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ አገሪቱን ከዓለም ጋር የሚያገናኘው የባሕር ውስጥ ኬብል ተበጠሰ። ቶንጋ ዝም አለች። ዓለም የደሴቶቹን ሁኔታ ያየው ከሳተላይት ምስልና ከኒውዚላንድና ከአውስትራሊያ የቅኝት አውሮፕላኖች ነው። ኬብሉ እስኪጠገን አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። በጸሐፊው ምክር ብንሄድ፣ ቪዲዮ ያልላከ ሰፈር ምንም አልሆነም ማለት ነበር። እኔ ግን አደጋ በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው «ከየት ነው ድምፅ የጠፋው?» ብዬ ነው። የነፍስ አድን ሰዎችም ይህን ዝምታ ይፈሩታል።

ሁለተኛ፣ ቦታው ላይ ያለ ሰው የሚያውቀው ዓይኑ ያየውን ነው። የስፔኗን ቫሌንሲያ አስታውሱ። ኦክቶበር 29 ቀን 2024 ጎርፍ ከተሞችን ሲጠርግ፣ አልዳያ በምትባል ከተማ የአንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ እስከ ጣሪያው ሞላ። ይህን ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል፣ እውነት ነው። ከዚያ «ውስጡ በመቶ የሚቆጠር አስከሬን አለ» የሚል ወሬ ተነሳ። ይህን ያየ ሰው የለም፤ ውሃው ጣሪያ ድረስ ሞልቶ ማን ያያል? ወሬው ግን አገር አዳረሰ። ውሃው በፓምፕ ተመጥጦ ፖሊስና ጠላቂዎች ሲገቡ አንድም አስከሬን አልተገኘም። ወሬውን ከነዙት መካከል እኮ የዚያው አካባቢ ሰዎች ነበሩ። መዋሸታቸው አልነበረም። ያዩትንና የፈሩትን አንድ ላይ ተናገሩ።

በዚያው ቀን ተቋማትም ተፈትነዋል። የአገሪቱ የአየር ትንበያ ድርጅት ቀዩን ማስጠንቀቂያ ያወጣው በጠዋት ነበር። ወደ ሰው ስልክ የሚላከው የአደጋ መልእክት የደረሰው ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ብዙ ሰው ያኔ ውሃ ውስጥ ነበር። እንግዲህ «ተቋም» ብሎ አንድ ላይ መፈረጅ የማይሆነው ለዚህ ነው። ዝናቡን የሚለካው በጊዜ ተናገረ፤ ቁልፉን የሚጫነው ዘገየ። የሁለተኛውን ጥፋት ለመጀመሪያው መስጠት፣ በሚቀጥለው ጊዜ የጠዋቱን ማስጠንቀቂያ እንዳንሰማ ያደርገናል።

ስለዚህ «ማንን ልመን?» የሚለው ጥያቄ ራሱ አይረዳም ባይ ነኝ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህ ሰው፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ነገር ሊያውቅ የሚችለው እንዴት ነው?

ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ስትሄዱ ብዙ ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ለምሳሌ የመንቀጥቀጡን መጠን ቦታው ላይ ያለ ሰው ሊያውቅ አይችልም። «እኛ ጋ 8 ነበር» የሚል ሰው የነገራችሁ ፍርሃቱን ነው። መጠኑ የሚታወቀው በብዙ አገሮች የተተከሉ የመለኪያ ጣቢያዎች ምልክት ተደምሮ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይና የአውሮፓ ሜዲትራኒያን የመሬት መንቀጥቀጥ ማዕከል በደቂቃዎች ውስጥ ያወጡታል፣ ማንም ሰው በነፃ ያየዋል። ከ6 ወደ 7 ሲወጣ አንድ ቁጥር ብቻ ይመስላል እንጂ የሚለቀቀው ጉልበት 32 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። በሌላ በኩል መሣሪያው ቤትህ ውስጥ ምን እንደወደቀ አያውቅም። ለአንድ መንቀጥቀጥ መጠኑ አንድ ነው፤ የሚሰማው ኃይል ግን ከሰፈር ሰፈር ይለያል። ጥልቀቱ፣ ርቀቱና የአፈሩ ዓይነት ይወስነዋል። ለዚህም ነው ያው የአሜሪካ ተቋም ከ1999 ጀምሮ «ተሰምቷችኋል?» ብሎ ከተራ ሰው ምስክርነት የሚሰበስበው። ጸሐፊው ያጣሏቸው ሁለቱ ወገኖች እዚያ አብረው ይሠራሉ።

ጥያቄው ባለሥልጣኑንም አይምረውም። በ2009 የጣሊያኗ ላኪላ ከተማ ለወራት በትናንሽ መንቀጥቀጦች ስትረበሽ ከረመች። ባለሙያዎች ተሰበሰቡ፤ አንድ የሲቪል መከላከያ ባለሥልጣን ለቴሌቪዥን ሕዝቡን የሚያረጋጋ ቃል ሰጡ። ከቀናት በኋላ፣ ኤፕሪል 6 ሌሊት ከተማዋ ፈረሰች፣ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። ስድስት ሳይንቲስቶችና ባለሥልጣኑ በ2012 ተፈርዶባቸው ነበር፤ በ2014 ሳይንቲስቶቹ በይግባኝ ነፃ ወጡ፣ የባለሥልጣኑ ቅጣት ግን ተቀንሶ ጸና። «ይመጣል» ማለት የሚችል ሰው አልነበረም። «አይመጣም» ማለት የሚችልም አልነበረም። የማይታወቅን ነገር እንደሚታወቅ አድርጎ የተናገረ ሰው፣ ደብዳቤው ላይ ማኅተም ቢኖርም ያው ነው።

«ቁጥሩ ከተቀያየረ የሚዋሽ አለ»

ጽሑፉ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ምክንያቱም ነገሩ በተቃራኒው ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የምንለው ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።

ማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን የሆነውን ልንገራችሁ። መንቀጥቀጡ ከተነሳ ከ3 ደቂቃ በኋላ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ከዚያ የፈጠነ ሥራ ሊኖር አይችልም። ግን በ3 ደቂቃ ውስጥ የተገመተው መጠን 7.9 ነበር፤ እውነተኛው 9.0 ሆኖ ተገኘ። በዚህም የተነሳ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ለባሕር ዳርቻዎቹ አውራጃዎች ለሚያጊ 6 ሜትር፣ ለኢዋቴና ለፉኩሺማ 3 ሜትር ማዕበል ይመጣል አለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለሚያጊ ወደ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ተስተካከለ፣ የሌሎቹም ጨመረ። ነገር ግን መብራት ጠፍቷል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን አልሰማም። «3 ሜትር ከሆነማ የባሕር መከላከያው ግንብ ይይዘዋል» ብሎ የቀረ ሰው ነበር። የጃፓን ሜትሮሎጂ ድርጅት ከዚህ ተምሮ ከ2013 ጀምሮ አሠራሩን ቀየረ። በጣም ትልቅ መንቀጥቀጥ ሲሆን መጀመሪያ የሜትር ቁጥር አይናገርም፤ «ግዙፍ ማዕበል» ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ቁጥሩ በኋላ ይከተላል። እዚያ ሰው የገደለው የቁጥሩ መቀየር አይደለም። የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ መቅረት ነው።

የሟቾች ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን መታ። የመንግሥት ቁጥር 64 ላይ ቆመ፣ ለወራትም 64 ሆኖ ቆየ። በጸሐፊው መለኪያ የማይቀያየር ቁጥር ስለሆነ የሚታመን ነበር። ግን መብራት ለወራት ጠፍቶ ኦክስጅን የተቋረጠበት፣ ኩላሊቱን የሚያሳጥብበት ያጣ፣ መድኃኒቱ የተበላሸበት ሰው በ64ቱ ውስጥ የለም። በኦገስት 2018 የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያ ወቅት የሞተውን ሰው በተለመደው ጊዜ ይሞታል ተብሎ ከሚጠበቀው ጋር አነጻጸሩ። ግምታቸው 2,975 ሆነ። መንግሥትም ይህንኑ ተቀበለ። ያሳሳተው ያልተቀየረው ቁጥር ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ጠይቀው 4,645 የሚል ግምት አውጥተው ነበር። ዜናው ሁሉ ይህን አንድ ቁጥር ይዞ ሮጠ። ጥናቱ ላይ ግን አጠገቡ ሌላ ነገር ተጽፏል፤ እውነተኛው ቁጥር ከ793 እስከ 8,498 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል ይላል። ግምት ስታዩ ከየት እስከ የት እንደሆነ ፈልጉ። አንድ ቁጥር ብቻ ከተሰጣችሁ የሆነ ሰው ቆርጦታል።

ቁጥር ወደ ታችም ይወርዳል፤ ይህ ሲሆን ሰው በጣም ይጠራጠራል። በኦገስት 2023 የሃዋይዋ ላሃይና በሰደድ እሳት ስትወድም የሟቾች ቁጥር 115 ተባለ። በሚቀጥለው ወር ወደ 97 ወረደ። የሞቱትን የደበቀ ሰው አልነበረም። በእሳት የተቃጠለ ሰውነት ተለያይቶ ይገኛል፤ የዲኤንኤ ምርመራው ለየብቻ የተቆጠሩት የአንድ ሰው መሆናቸውን አሳየ። በኋላ ቁጥሩ እንደገና ጨምሮ 102 ደርሷል። ይህን ሥራ የሠሩትን ሰዎች አስቡ። አመድ ወንፍተው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሰው ለመመለስ የደከሙ ናቸው። «ውሸታሞች» መባል አይገባቸውም።

የሊቢያዋ ደርናስ? ሴፕቴምበር 2023 ሁለት ግድቦች ተደርምሰው ከተማዋን ሲጠርጓት፣ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ማስተባበሪያ መጀመሪያ 11,300 ሞቷል ብሎ ጻፈ። በቀናት ውስጥ ወደ 3,958 አወረደው። የመጀመሪያው ቁጥር የተጠቀሰው ከቀይ ጨረቃ ማኅበር ነው ተብሎ ነበር፤ ማኅበሩ ግን እኔ አላልኩም አለ። ሁለተኛው የተመዘገበ ሞት ብቻ ነው። ያልተገኙት በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፣ በውስጡ የሉም። እንግዲህ 3,958ን «የሞተው ይህን ያህል ነው» ብሎ ማንበብም ስህተት ነው። «እስከዚህ ቀን ድረስ ተመዝግቦ የተረጋገጠው» ብሎ ነው የሚነበበው።

በ2010 በመሬት መንቀጥቀጥ ስለተመታችው ሄይቲ እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። መንግሥት በመጀመሪያው ዓመት መታሰቢያ 316 ሺህ አለ። ለአሜሪካ የልማት ድርጅት የተሠራ ረቂቅ ጥናት ከ46 ሺህ እስከ 85 ሺህ ብሎ ገመተ። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ብዙ ሰው ሳይቆጠር በጅምላ ስለተቀበረ ከእንግዲህ የሚያጠራው የለም። እንዲህ ሲሆን ሐቀኛ ጸሐፊ ሁለቱንም ያስቀምጣል እንጂ የወደደውን አይመርጥም።

«ፎቶ አይዋሽም»

ፎቶው ላይዋሽ ይችላል። ከስሩ የተጻፈው ይዋሻል።

ኤፕሪል 2015 ኔፓል ስትናወጥ አንድ ፎቶ ዓለምን አስለቀሰ። ትንሽ ወንድም ታናሽ እህቱን አቅፎ ያጽናናል። «የኔፓል ወላጅ አልባ ልጆች» ተባለ፣ ገንዘብም ተለመነበት። ፎቶው የተነሳው በ2007 ሰሜን ቬትናም ውስጥ ነው። መንቀጥቀጥ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፎቶ አንሺው ራሱ ነው የተናገረው። ልጆቹም ፎቶውም እውነተኛ ናቸው። ሐሰቱ መግለጫው ነው። በጎርፍ በተሞላ መንገድ ላይ የሚዋኘው ሻርክም ከ2011 ጀምሮ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ከተማ እየቀየረ ይዞራል።

አሁን ደግሞ የባሰ መጥቷል። ከቱርኩ መንቀጥቀጥ በኋላ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሕፃን አቅፎ የሚያሳይ ምስል የእርዳታ መለመኛ ሆኖ ተሰራጨ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነበር። የሰውየው ቀኝ እጅ ስድስት ጣት አለው። በ2024 ሄለን የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካን ሲመታ፣ ጀልባ ላይ ቡችላ አቅፋ የምታለቅስ ልጅ ምስል እንዲሁ ተሰራጨ፤ እሷም በሕይወት የለችም፣ ኖራም አታውቅም። ጣት መቁጠር ከእንግዲህ አያዋጣም፤ ቴክኖሎጂው ተሻሽሏል። የሚያዋጣው ምስሉ መጀመሪያ የት እንደወጣ መፈለግ ነው። ፎቶውን በምስል መፈለጊያ፣ በጎግል ሌንስ ወይም በቲንአይ ፈልጉት። ከአደጋው ቀን በፊት ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ቪዲዮ ከሆነ አቁማችሁ ስክሪንሾት አንሱና እሱን ፈልጉ። የሱቅ ማስታወቂያው በምን ቋንቋ ተጽፏል? መኪናው በየት በኩል ይነዳል? ሰዉ የለበሰው ከወቅቱ ጋር ይሄዳል? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለትልቁ ምስል ደግሞ ሳተላይት አለ። የጠፈር ድርጅቶች ከ2000 ጀምሮ በአንድ ቻርተር ተስማምተው በአደጋ ጊዜ ምስል በነፃ ይሰጣሉ። ኮፐርኒከስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የሳተላይት ፕሮግራምም የፈረሱ ሕንፃዎችንና በውሃ የተዋጡ ሰፈሮችን ካርታ ይፋ ያደርጋል። ራዳር ያላቸው ሳተላይቶች በደመናና በሌሊትም ያያሉ።

«ሳይንቲስቶች ያውቁታል፣ አይናገሩም»

ይህኛው ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥን ቀኑን፣ ቦታውንና መጠኑን ለይቶ የተነበየ ሳይንቲስት እስካሁን የለም። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ራሱን ጨምሮ ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። ጸሐፊው «ቀድሞ ተናግሮ ነበር» ብለው የጠቀሱት አንድ ሆላንዳዊ ከቱርኩ መንቀጥቀጥ ሦስት ቀን በፊት በዚያ አካባቢ «ይዋል ይደር እንጂ» ትልቅ መንቀጥቀጥ ይመጣል ብሎ መጻፉ እውነት ነው። ቀን አልሰጠም። አካባቢው ደግሞ ትልልቅ ስንጥቆች የሚያልፉበት መሆኑን ጂኦሎጂ የተማረ ሁሉ ያውቃል።

ግራ የሚያጋባው «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል ነው። አውሎ ነፋስ ከቀናት በፊት ይታያል። ሱናሚ እንደ ርቀቱ ከደቂቃ እስከ ሰዓታት ጊዜ ይሰጣል። ጃፓንና ሜክሲኮ ያላቸው የመንቀጥቀጥ ማንቂያ ግን መንቀጥቀጡ ከተነሳ በኋላ የሚሠራ ነው። ሞገዱ እናንተ ጋ ሳይደርስ ምልክቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ የሚገኘው ሰኮንዶች ነው። «በ15ኛው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይመጣል» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ ከየትም ይምጣ፣ በሬ ወለደ ነው።

«ሼር አድርጉ፣ የሚጎዳ የለም»

ይህን ነጥብ በቀላሉ ማለፍ አልችልም።

ከዓመታት በፊት የአንድ ጓደኛዬ እህት የምትኖርበትን ከተማ ጎርፍ መታው። ስልኳ አይሠራም። እኔም እንደ ሁሉም ሰው ስልኬ ላይ ተጥጄ ነበር። አንድ ዝርዝር መጣ። ረጅም የስም ዝርዝር ነው፣ ከላዩ «የሟቾች ስም» ይላል። ስሟን አየሁት። ሳላስብ ለጓደኛዬ ላክሁለት። እሱ ደግሞ ለእናቱ አሳየ።

እህቱ የደወለችው ከ19 ሰዓት በኋላ ነው። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነበር። የነበረችው መጠለያ ውስጥ ነው። ዝርዝሩም የመጠለያው መመዝገቢያ ነበር፤ በሕይወት ተርፈው የገቡ ሰዎች ስም። የሆነ ሰው ከላዩ ያለውን ርዕስ ቆርጦ ሌላ ጻፈበት። እናትየዋ በዚያ ሌሊት የሆኑትን ጓደኛዬ ነግሮኛል፤ እዚህ አልጽፈውም። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ይቅርታም አድርገውልኛል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ያን ሌሊት ግን የምመልስበት መንገድ የለኝም።

ስለዚህ «የሚጎዳ የለም» ሲባል ዝም ማለት አልችልም። ዘመድ የጠፋበት ሰው ካለ ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ የተጠፋፋ ቤተሰብ የሚያገናኙበት አገልግሎት አላቸው፤ ወደዚያ ምሩት። ከመደወል ይልቅ አጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩ፤ በተጨናነቀ ኔትወርክ እሱ የመድረስ ዕድል አለው፣ የተጎዳውን ሰው ባትሪም አይጨርስም። የሞት ዜና ከተረጋገጠ ምንጭ ካልሆነ በስተቀር ለማንም አትላኩ።

ሼር የሚደረግ ወሬ አስከሬንንም ይጎዳል። አደጋ በደረሰ ቁጥር «አስከሬኑ ቶሎ ካልተቀበረ ወረርሽኝ ይነሳል» የሚል መልእክት ይዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲያስረዳ ኖሯል። በተፈጥሮ አደጋ የሞቱ ሰዎች የሞቱት በጉዳት፣ በመስጠም ወይም በእሳት ነው፤ አስከሬናቸው በአብዛኛው ወረርሽኝ አያመጣም። ወረርሽኝ የሚያመጣው የተበከለ ውሃና መጨናነቅ ነው። ወሬውን ያመነ ግን ቸኩሎ በጅምላ ይቀብራል። ፎቶ አይነሳም፣ ምልክት አይያዝም። ቤተሰቡ ዕድሜውን ሙሉ ሰውየው ይሙት ይኑር ሳያውቅ ይቀራል። ከላይ ያነሳሁት የሄይቲ ቁጥር መቼም የማይጠራው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

«ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ አዲስ ነገር የለም»

ሄይቲ ውስጥ ትልቁ ጥያቄ የተነሳው ከመንቀጥቀጡ ዘጠኝ ወር በኋላ ነው። በኦክቶበር 2010 ኮሌራ ገባ። ኮሌራ እዚያ አገር ከዚያ በፊት በትውልድ የሚታወቅ በሽታ አልነበረም። የሚሬባሌ አካባቢ ነዋሪዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ አንድ ቦታ ጠቆሙ፤ ከኔፓል የመጡ የሰላም አስከባሪዎች የሰፈሩበት ካምፕ ፍሳሹን ወደ ወንዙ ይለቃል አሉ። የተባበሩት መንግሥታት አስተባበለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኖ ፒያሩ የበሽታውን መነሻ ተከታትለው ወደዚያው ወንዝ ደረሱ። የባክቴሪያው የዘር ምርመራም ከኔፓሉ ጋር ገጠመ። ድርጅቱ ድርሻ እንዳለው ያመነው በ2016 ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞቷል።

ጸሐፊው ይህን ታሪክ ቢጠቅሱ ኖሮ ለራሳቸው ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ ይሆናቸው ነበር፤ ቦታው ላይ ያለው ሰው ልክ ነበርና። ግን ልክ መሆኑ የተረጋገጠው ከመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ቆይቶ ነው፣ ያውም ገበሬው ያየውን ላቦራቶሪ ስላጸናለት። «በቃ» ብለን ፊታችንን ብናዞር ኖሮ ጉዳዩ «መንቀጥቀጡ ያመጣው በሽታ» ተብሎ ይዘጋ ነበር።

የ2003ቱ የአውሮፓ ሙቀትም አለ። ከ70 ሺህ በላይ ተጨማሪ ሰው መሞቱ የታወቀው ከዓመታት በኋላ የሞት መዝገብ ተገላብጦ ነው። ሙቀት ሕንፃ አያፈርስም፣ ካሜራ የሚቀርጸው ነገር የለውም። በመጀመሪያው ሳምንት ዜና ብቻ የሚኖር ሰው ይህን አደጋ አላየውም ማለት ነው።

ዘግይቶ የሚመጣውን መረጃ የት ላግኘው ለሚል፣ ሪሊፍዌብን እመክራለሁ። የተባበሩት መንግሥታት የሚያስተዳድረው ነው፤ ከ1996 ጀምሮ የእርዳታ ድርጅቶች የሁኔታ ሪፖርት ከነቀኑ ይቀመጥበታል። በቤልጂየም ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ከ1988 ጀምሮ የተያዘው ኤም ዳት የተባለ የአደጋዎች መዝገብም ያለፉትን ለማነጻጸር ይጠቅማል። እሱንም ግን መስፈርቱን አውቃችሁ ተጠቀሙ። በመሠረቱ 10 ሰው የሞተበት ወይም 100 ሰው የተጎዳበት፣ አለበለዚያ የአስቸኳይ ጊዜ የታወጀበት ወይም የውጭ እርዳታ የተጠየቀበት አደጋ ነው የሚገባው። አራት ሰው የገደለ የመሬት መንሸራተት እዚያ ላይገኝ ይችላል። መዝገቡ ውስጥ አለመኖሩ አልሆነም ማለት አይደለም።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በአክብሮት ነው። በብዙው ሐሳብ ባንስማማም ግድ የለም፤ ጽሑፉ እንዳለ ይቆይ። ግን «ውሸት ሆኖ ቢገኝም የሚጎዳው የለም» የምትለዋን አንዲት መስመር ያውጧት። ጽሑፉ ዛሬም እየተላለፈ ነው። ሦስተኛው ሰው የላከልኝ ዛሬ ጠዋት ነው።